«ችግር የለም» ደረሰኝ አይደለም

የእኛ ትውልድ ብዙ ነገር ይዋዋሳል። ልብስ፣ ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ ቻርጀር፣ ሞተር ሳይቀር። መዋዋሱ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሁሉን መግዛት አይችልም። ችግሩ የተዋስነው ነገር እጃችን ላይ ሲበላሽ የሚመጣው ነው። ያኔ አንዷን አስማተኛ ሐረግ እንጠብቃለን፦ «ችግር የለም»። ባለንብረቱ ከአፉ ሲያወጣት ዕዳችን የተሰረዘ ይመስለናል። ዛሬ የምጽፈው ይህችን ሐረግ ተቃውሜ ነው። ተቃውሞዬም በመጀመሪያ በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ሄጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀውን ጓደኛዬን ሞተር ተዋስኩ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መንዳትም እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። ከሐይቁ ዳር ስመለስ አንድ መታጠፊያ ላይ ኮረት ተበትኖ አየሁና ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨመቅሁት። ኮረት ላይ የፊት ፍሬን ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን የትኛውም ሞተረኛ ይነግራችኋል፦ ጎማው ይንሸራተታል፣ ሞተሩ በጎኑ ይተኛል፣ ነጂውም አብሮ ይተኛል። እኔ መዳፌና ጉልበቴ ተላጠ። የሞተሩ ግራ ስፖኪዮና ፍሬቻ ረገፈ፣ የፍሪሲዮን ማንሻው ታጠፈ፣ መሪው ተጣመመ።

ጓደኛዬ ሲያየኝ «አንቺ ተርፈሻል አይደል? ብረት ይጠገናል፤ ችግር የለም» አለኝ። እኔም አሥር ጊዜ ያህል «በጣም ይቅርታ» አልኩት፤ ሻይ ጠጣን። በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ሕሊናዬም አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ ወስዶት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሁለታችን ወዳጅ የሆነች ልጅ በጨዋታ መሐል ነገረችኝ። ጓደኛዬ ዕቃ እያደረሰ የሚኖረው በዚያው ሞተር ነው። ሞተሩ ጋራዥ በቆየባቸው አራት ቀናት አልሠራም። የመለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን ከኪሱ ከፈለ። እቁቡን የጣለው ደግሞ ከሰው ተበድሮ ነው። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልደወለም። እንዴት ይደውል? ቢደውል «ለብረት ብሎ ጓደኛውን ገንዘብ የጠየቀ» ይባላል። እኔ ጣልኩት፣ እሱ ከፈለ፣ የሚያፍረውም እሱ ሆነ!

እንግዲህ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ይሉኝታ የተሠራው ደካማው ፊት ላይ ጠንካራው እንዳይዘባነን ነበር። እኛ ግን ገልብጠነዋል፤ አሁን ይሉኝታ የሚይዘው ተበዳዩን ነው። አጥፊው በነፃነት ይንጎራደዳል።

ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግር የሰማኋቸው መከላከያዎች አራት ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ራሱ ችግር የለም ብሏል» የሚል ነው። ጎበዝ፣ ደም የሚፈሳት ጓደኛው ፊቱ ቆማ ሌላ ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ? «መሪው ስንት እንደሚያስወጣ ታውቂያለሽ?» ይበል? ያቺ ቃል የተነገረችው ለቁስሌ እንጂ ለሞተሩ አይደለም። ደግነቱን እንደ ደረሰኝ ኪሳችን ከተን መሄድ ደግነቱን ራሱን መስረቅ ነው።

ሁለተኛው «ሞተሩ ድሮም አሮጌ ነበር» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አሮጌ ነበር። ግን ስዋሰው ስፖኪዮ ነበረው፤ መሪውም ቀጥ ያለ ነበር። ለአሮጌው ሞተር አዲስ ሞተር ግዢ ያለኝ የለም። የወሰድሽውን በወሰድሽበት ልክ መልሺ ነው ነገሩ።

ሦስተኛው «ኢንሹራንስ የለውም እንዴ?» ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ስሙ እንደሚለው፣ መንገድ ላይ ለምንጎዳው ሦስተኛ ሰው የታሰበ ነው። የጓደኛዬን መሪ አያቃናም።

አራተኛው ከሁሉም የሚያምረውና ከሁሉም የሚከፋው ነው፦ «በጓደኛሞች መካከል ሒሳብ የለም»። ልብ በሉ፣ ይህን የሚለው ሁልጊዜ ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ሒሳብማ አለ፤ እኔ ስላልከፈልኩ አልጠፋም፣ ወደ እሱ ኪስ ዞረ እንጂ። ጓደኝነት ሒሳቡን አያጠፋውም። የሚያጠፋው ጠበቃና ፖሊስ የመጥራትን አስፈላጊነት ነው።

ሕጉን ካነሣን ደግሞ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። በነፃ መዋዋስንም ተራ ውለታ ብሎ አያልፈውም፤ ውል ነው ይለዋል። «ሕጉ የፈረንጅ ነው» የምትሉ ካላችሁ የአገራችንን ሽማግሌዎች ጠይቁ። በኦሮሞ ጉማ ሥርዓት ዕርቁ የሚቆመው በካሳ ነው። አማርኛችንም «ካሳ» እና «ካሰ» የሚሉ ቃላት ያለው በከንቱ አይደለም። ካሳውን ጥለን «ይቅር ለእግዜር»ን ብቻ ያስቀረነው እኛ ነን፤ ርካሹን ግማሽ መርጠን።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ዘግይቼ ያደረግሁትን፣ እናንተ ሳትዘገዩ አድርጉት። አንደኛ፣ ባለንብረቱ ከማየቱ በፊት ራሳችሁ ንገሩት፤ «ትንሽ ጫር አለችብኝ» ሳይሆን የተሰበረውን ሁሉ ቆጥራችሁ። ሁለተኛ፣ «ስንት ልስጥህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ችግር የለም» ነው። ከዚያ ይልቅ እሱ የሚያምነው መካኒክ ጋ አብራችሁ ሂዱና ሒሳቡን ከመካኒኩ ስሙ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ የእንጀራ ሞተር ከሆነ የቆመባቸውን ቀናት ቁጠሩ፤ ከስፖኪዮው የሚበልጠው ኪሳራ እሱ ነው። አራተኛ፣ ገንዘብ ከሌላችሁ ቀን ተናገሩ። «ሲኖረኝ» ቀን አይደለም። እኔ የከፈልኩት በሁለት ደመወዝ፣ በሁለት ጊዜ ነው። አምስተኛ፣ ስትከፍሉ አታልቅሱ። ጥፋተኛዋ ስታለቅስ ተበዳዩ አባባይ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው።

ለአዋሾችም አንድ ቃል አለኝ። በሆዳችሁ እየቆጠራችሁ በአፋችሁ «ችግር የለም» አትበሉ። ያልተነገረ ቂም ከተነገረ ዋጋ ይወደዳል። «እንኳን ተረፍሽ፤ ስለ ሞተሩ ነገ እንነጋገራለን» ማለት ስስት አይደለም። እኔ እንዲያ ቢባል ኖሮ በማግስቱ ያን አውቶብስ ባልተሳፈርኩ ነበር።

ገንዘቡን የላክሁለት ቀን ጓደኛዬ ደወለና «ምን ሆነሻል? ችግር የለም አላልኩሽም?» ብሎ ተቆጣኝ። አልመለሰውም ግን። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ ለካ ለሦስት ሳምንት ቀዝቅዞ ነበር፣ እኔ አላስተዋልኩም።

ሞተሩን ደግሞ ያውሰኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። ዕዳ መክፈል ግዴታዬ ነበር፤ ቁልፉን መልሶ መስጠት ግን የእሱ ፈንታ ነው።