ሕፃናት ክፉና ደጉን ለይተው ይወለዳሉን?

ክፉና ደጉን ያልለየ ልጅ በእኛ ዘንድ «ነፍስ ያላወቀ» ይባላል። አባባሉ ግብረ ገብ ከዕድሜና ከአስተዳደግ ጋር የሚመጣ እንጂ አብሮ የሚወለድ አለመሆኑን የሚያመለክት ይመስላል። ይሁን እንጂ በወቅቱ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ካይሊ ሃምሊን፣ ካረን ዊንና ፖል ብሉም እ.ኤ.አ. በ2007 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን እምነት የሚፈታተን ሆኖ ተገኘ።

ሙከራው ቀላል ነበር። ዓይን የተለጠፈበት ክብ እንጨት ዳገት ለመውጣት ሲታገል አንድ ሌላ እንጨት ከኋላ እየገፋ ያወጣዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ይመልሰዋል። ከዚያም ረዳቱና አደናቃፊው ለሕፃናቱ ቀረቡ። ከ6 ወር ሕፃናት 12ቱም፣ ከ10 ወር ሕፃናት ደግሞ ከ16ቱ 14ቱ እጃቸውን ወደ ረዳቱ ዘረጉ። 12 ሕፃናት በአጋጣሚ ብቻ ሁሉም ረዳቱን የመምረጣቸው ዕድል ከ4096 አንድ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙዎች «ሰው ግብረ ገብን ይዞ ይወለዳል» ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ።

እኛ ግን ድምዳሜው ችኮላ ነበረበት እንላለን። በመጀመሪያ ደረጃ፣ መውደድና መፍረድ አንድ አይደሉም። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳመለከቱት፣ ወጪው እንጨት ከዳገቱ ጫፍ ሲደርስ ይዘል ስለነበር ሕፃናቱን የማረካቸው ዝላዩ ሊሆን ይችላል። ዝላዩ በአደናቃፊው ትርኢት መጨረሻ ላይ ሲደረግ ሕፃናቱ አደናቃፊውን መርጠዋልና። በሁለተኛ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው፣ 37 ቤተ ሙከራዎች በተባበሩበትና የ567 ሕፃናት ውጤት በተተነተነበት ጥናት፣ ረዳቱን የመረጡት 49 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህም ሳንቲም ከመወርወር የተለየ አይደለም።

ታዲያ ሕፃናት ከግብረ ገብ ባዶ ሆነው ይወለዳሉ ማለት ነውን? አይደለም። በአዲሱ ጥናት ትርኢቱ የታየው በቪዲዮ ነበር፤ ይህ ልዩነት ውጤቱን ለውጦት ይሆናል። አንድ የሙከራ ዘዴ ፍሬ አለመስጠቱ የተፈለገው ነገር የለም ለማለት አያበቃም። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬም ክፍት ነው።

አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንሻው ሌላ ቁም ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጥናት የመሩት ካይሊ ሃምሊን ራሳቸው በድጋሚው ሙከራ ተሳትፈዋል። የገዛ ግኝትን ለፈተና አሳልፎ መስጠት ከሳይንስ ግብረ ገብ ዋነኛው ነው። ይህ ግን አብሮን እንደማይወለድ እርግጠኞች ነን፤ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ነው።