የፈረሰ ቤት እንጨት በፎቶ አይገዛም

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የእንጨት ክምር ነው። ሰፈራቸው አካባቢ ከፈረሰ የጭቃ ቤት የወጣ፣ ቋሚው፣ ወራጁ፣ ማገሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቆልሎ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሏል፦ «ሙሉውን በ10 ሺህ ብር። ዛሬ ካላነሳነው ሌላ ሰው ያነሳዋል። አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል፣ እስቲ አስላው።»

አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲጠፋ በእንጨት፣ ትእዛዝ ሲበዛ ደግሞ በሁለቱም። ስለዚህ እነሱ ቤት እንጨት ለበዓል ዶሮ ወጥ ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ የወሩን ትርፍና ኪሳራ የሚወስን ጥሬ ዕቃ ነው። እኔም ፎቶውን አይቼ መልስ ልሰጥ ስል አንድ ነገር ገባኝ፦ ፎቶ የክምሩን ትልቅነት እንጂ ሙቀቱን አያሳይም። የምንገዛው ግን ሙቀቱን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር በፈረሰ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ክምር ይወጣል። ብዙ ሰው ደግሞ «አሮጌ ነው፣ ስለዚህ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው» ብሎ ይገዛል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። አሮጌ እንጨት መሬት ላይ ተጥሎ ዝናብ ሲመታው ይረጥባል፤ የበሰበሰው ክፍል እንዲያውም እንደ ስፖንጅ ነው ውሃ የሚጠጣው። ደረቅ የሆነውም ቢሆን ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ከሆነ የቀረው ቅርፊቱና አየሩ ነው። መጠኑ ያው፣ ኪሎው ግን የለም። የእንጨት ሙቀት ደግሞ ኪሎውን ነው የሚከተለው።

ለማንኛውም ሄድኩና ለካሁት። ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 1 ሜትር። 3 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ግን እንደዛ የተዘበራረቀ ክምር ግማሹ አየር ነው፤ ስለዚህ እንጨቱ ራሱ አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ቢሆን ነው። ደረቅ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ ወደ 700 ኪሎ ይመዝናል ብለን ብንይዝ ወደ 1,000 ኪሎ መጣ። ሻጩም ይህንኑ ነበር የሚለው፦ «ኪሎው በ10 ብር እኮ ነው የወደቀላችሁ!» አክስቴ ተፈልጦ ደርቆ ቤቷ ድረስ የሚመጣላትን በ15 ብር ነው የምትገዛው። አጎቴ ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ ነው ስሌቱ መጀመር ያለበት እንጂ ማለቅ የለበትም። ጭቃው፣ ሚስማሩ፣ የበሰበሰው ጫፍ ሲወጣ ሩቡ ይሄዳል፤ 750 ኪሎ ቀረ። ለማስጫንና ለማመላለስ 1,500 ብር። ለፈላጭ 2,000 ብር፤ ሚስማር ያለበትን ግንድ ደግሞ ፈላጭ መጥረቢያውን ስለሚጎዳበት አይወደውም፣ ሊጨምርም ይችላል። ድምሩ 13,500 ብር። ለ750 ሲካፈል ኪሎው 18 ብር። «ርካሹ» እንጨት ከውዱ በ3 ብር በለጠ። ወደኋላ ብናሰላው፣ አክስቴ ለዚያ ክምር መክፈል የምትችለው ጣሪያ 7,750 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈል ሁሉ ለሻጩ ስጦታ ነው።

ይህም ክምሩ ደረቅ ከሆነ ነው። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ እርጥብ እንጨት ግን ወደ 2 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አንደኛ ግማሹን ውሃ ነው የገዛችሁት፣ ሁለተኛ የቀረው ግማሽ ከሙቀቱ ላይ ቀንሶ ያንን ውሃ ማትነን አለበት። በኪሎ ስትገዙ እርጥቡ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ምጣድ ሥር ይቀልላል። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ደግሞ መገመት አያስፈልግም። ከመካከለኛው ግንድ ትንሽ ፍልጥ ወስዳችሁ መዝኑ፣ ምድጃ አጠገብ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ፣ መልሳችሁ መዝኑ። 200 ግራም የነበረው 150 ከሆነ ሩቡ ውሃ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም የፈረሰ ቤት እንጨት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ወራጁ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ዝናብ ሳይነካው የኖረ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምርጡ እሱ ነው። ማገሩ ቀጭን ነው፣ ጭቃው ከተራገፈ ለማቀጣጠያ ይሆናል። ችግሩ ቋሚው ላይ ነው። ከላይ ስታዩት ጤነኛ ይመስላል፤ መሬት ውስጥ የነበረውን ጫፍ ግን ገልብጣችሁ ካላያችሁ ምንም አላያችሁም። ወይ በስብሷል፣ ወይ ምስጥ በልቶታል፣ ወይ ደግሞ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብቷል። (በነገራችን ላይ፣ ከክምሩ ውስጥ ቀጥ ያለ የጽድ ምሰሶ ካገኛችሁ አታቃጥሉት። ጽድ ምስጥን ስለሚቋቋም ለአጥር ወይም ለሌላ ሥራ ከማገዶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።)

የተቃጠለ ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ድርድር የለኝም። በነፃም ቢሰጥ። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ ብረታ ብረት አለ፣ አሮጌ ቀለም ውስጥም እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ሲነድ ደግሞ ጭሱ የሚሄደው ምጣዱ ፊት ወደተቀመጠችው ሴት ነው። አጎቴ «ሲነድ እኮ የበለጠ ይንቦገቦጋል» ሲለኝ ልክ ነው፣ ይንቦገቦጋል። እሱ ግን ሳሎን ነው ያለው።

የኔ ቅሬታም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቤት የማገዶ ዋጋ የሚደራደረው ሰውና እሳት ፊት የሚቀመጠው ሰው አንድ አይደሉም። ተደራዳሪው የቀነሰው 2 ሺህ ብር ኪሱ ውስጥ ይታየዋል፤ እርጥብ እንጨት «እፍ» ስትል የምታረፍደው፣ አክንባሎ በከፈተች ቁጥር ዓይኗን የምትጠርገው ሴት ጊዜና ሳንባ ግን የትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ድብቅ ወጪ ሦስት ክሬዲት አወር ሙሉ ተምሬያለሁ፤ አንድም ቀን የአክስቴን ማዕድ ቤት አስቤው አላውቅም ነበር።

እና እሷን ጠራናት። ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሁለት ወራጅ አንስታ አጋጨች፤ «ኳ!» አለ። ለብቻ አስቀመጠች። ሁለት ቋሚ አጋጨች፤ ድምፁ እንደ ረጠበ ጆንያ ነው። አንዱን በእግሯ ገለበጠችና ሥሩን አሸተተች። «ይሄ ዘይት ነው» አለች። ከዚያ ሻጩን «ወንድሜ፣ ይቺን አንዷን እዚሁ ፍለጥልኝ፣ እኔ የመረጥኳትን» አለችው። ሻጩ ሰዓቱን አየ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም፤ እኔ በሜትርና በካልኩሌተር አንድ ሰዓት ፈጅቻለሁ።

«ወራጁን ብቻ ለይተህ ሽጥልኝ፣ በኪሎ 12 ብር» አለችው።

«እናቴ፣ ሙሉውን ካልሆነ አልሸጥም።»

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ አለ፤ ሻጩ ስለ ዕቃው ከገዢው በላይ ሲያውቅ ገበያው በመጥፎ ዕቃ ይሞላል ይላል። መኪናውን በእንጨት ተኩት። ፈልጦ ለማሳየት ያመነታ፣ ለይቶ መሸጥ ያልፈለገ ሻጭ ጥሩውን መጥፎውን ለመሸጫ እንደሚጠቀምበት እየነገራችሁ ነው። የግድ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወራጁ ከወጣ የቀረውን ማንም እንደማይገዛው ስለሚያውቅ ነው። ይህ ግን የሱ ችግር ነው፣ የአክስቴ አይደለም።

ሳንገዛ ተመለስን። አጎቴ መንገድ ላይ አላወራኝም።

ረቡዕ ማታ እንደገና ፎቶ ላከልኝ። ያው ክምር፣ ያው ቦታ፣ «6 ሺህ ገብቷል! ካንተ ጣሪያ በታች ነው!» ይላል። ለአክስቴ አሳየኋት። ስልኬን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው።

«ሰኞ ለሊት ዝናቡን አልሰማችሁትም እንዴ?» አለች፣ ስልኩን መለሰችልኝና ሊጧን ልታይ ገባች።