ክንድ የሚበረታው በወገብ ነው

የሰውነት ማጎልመሻ ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙዎቹ ወጣቶቻችን እጃቸውን አጥፈው የክንዳቸውን ጡንቻ ማሳየት ይወዳሉ። ጕልበት ማለት የክንድና የትከሻ ውፍረት ብቻ ስለሚመስላቸውም፣ ብረት የሚያነሡት ወንበር ላይ ተደላድለው ነው፤ ስለ ሆዳቸው ሲያስቡ ደግሞ ሌላ ቀን መድበው፣ በጀርባቸው ተንጋለው ቀና ጋደም ማለት ይጀምራሉ። ክንድን ከወገብ የሚለየው ይህ አስተሳሰብ ግን የተሳሳተ ነው እንላለን።

አባቶቻችን ለሥራ የቈረጠውን ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ይሉታል እንጂ «ክንዱን ታጥቆ ተነሣ» አይሉትም። እንጨት ፈላጩን ልብ ብለን እንመልከተው። መጥረቢያውን የሚይዘው እጁ ቢሆንም፣ ምቱን የሚያከብደው ከእግሩ ተነሥቶ በወገቡ በኩል ወደ ትከሻው የሚወጣው ኀይል ነው። ወገቡ ከላላ ክንዱ የቱንም ያህል ቢፈረጥም ድካሙ ከንቱ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ የሰውነት ሚዛን አብሮ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ይህንንም ለማቃናት የጀርባና የሆድ ጡንቻዎች መወጠር አለባቸው። ሆጅስና ሪቻርድሰን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኞች ቆመው ክንዳቸውን በፍጥነት ሲያንቀሳቅሱ፣ ሆድን እንደ መቀነት የሚያቅፈው የውስጥ ጡንቻ ከትከሻው ጡንቻ ቀድሞ ሥራውን እንደሚጀምር አስረድተዋል። የወገብ ሕመም ታሪክ ባላቸው ሰዎች ላይ ግን ይኸው ጡንቻ ዘግይቶ ተገኝቷል። ሕመሙ መዘግየቱን ያምጣው ወይስ መዘግየቱ ሕመሙን፣ ከዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ክንድና ወገብ በአንድነት የሚሠሩ ለመሆናቸው በቂ ምስክር ነው።

የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር ራሱ ይፈትነው። ውሃ የሞላ ባልዲ በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ይቁምና፣ የግራ እጁን ጣቶች ከግራ ጎድኑ በታች ያሳርፍ። ጡንቻው ጠንክሮ ያገኘዋል። ሸክሙ ወደ ቀኝ ሲጐትተው እንዳይጣመም የሚይዘው የግራ ጎኑ ነውና።

እንግዲህ ወጣቱ ምን ያድርግ? አንደኛ፣ ቆሞ ይሥራ። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የሆድንና የጀርባን ጡንቻ ይበልጥ ለማሠራት ከመቀመጥ መቆም፣ በሁለት እጅ ከማንሣትም በአንድ እጅ ማንሣት እንደሚሻል ገልጸዋል። ሁለተኛ፣ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ከራሱ እስከ ተረከዙ እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል፤ ሆዱን ወደ መሬት ካንጠለጠለ ግማሹን ጥቅም አጣ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሸክሙ ሲነሣ ወገብ ወደ ኋላ ከተለመጠ፣ ሸክሙ ከብዷልና ይቀነስ።

«ጊዜም ገንዘብም የለንም» የሚሉ አሉ። ዳሩ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የመከረው፣ ከሌላው እንቅስቃሴ ጋር፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለዚህም የመኝታ ቤት ወለልና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል።

ከመጠን በላይ ተስፋ መስጠትም አንሻም። ጡንቻን ማጠንከር ብቻውን ቦርጭን አያጠፋም፤ አመጋገብን ማስተካከልና በእግር መሄድም ያስፈልጋል። ወገቡን የሚያመው ሰውም ከማናቸውም በፊት ሐኪም ያማክር።

ተማሪው ከደብተሩ፣ ወጣቱ ሹም ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ ሲውል ወገቡ ሥራ ይፈታል። በሠላሳ ዓመቱ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ከወንበር የሚነሣ ሠራተኛ፣ ክንዱ ቢያምር ለራሱም ለአገሩም ምን ይጠቅማል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሰውነትም ብርታት በጡንቻዎች ኅብረት ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ክንዳቸውን ለማጠንከር ሲነሡ፣ እንደ አባቶቻቸው አስቀድመው ወገባቸውን ይታጠቁ።