ቀለም መምረጥማ ማን አቃተው!

የብሎግ ቴምፕሌት የሚሸጡ ሰዎች ሁሉ የሚምሉባት አንዲት ቃል አለች፤ «እንደፈለጉ የሚቀየር»። እኛም አምነን አንዱን ገዛን። ስንከፍተው እውነትም የማስተካከያው ብዛት! የርዕሱ ቀለም፣ የጀርባው ቀለም፣ ማውስ ሲያልፍበት ብቅ የሚለው ቀለም ሳይቀር ይመረጣል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማውጣት ግን አልተቻለም። ቀን የሚጽፈው መስመር በየፋይሉ ተበትኗል፤ ዓመት 13 ወር ሊኖረው እንደሚችል የሰማ አንድም የለም። ጳጉሜን ስትገባ ልንዘጋ ነው እንዴ?

ክርክራችን ይኸው ነው። ቴምፕሌት የሚቀየር የሚሆነው እያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ቦታ ብቻ ሲጻፍና ያ ቦታ ለባለቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ቀን የሚወጣበት አንድ ቁራጭ፣ የጸሐፊ ስም የሚወጣበት አንድ ቁራጭ፤ መነሻ ገጹም፣ የቆዩ ጽሑፎች ገጹም፣ ፍለጋውም ያንኑ ይጥሩ። በቃ።

«ፋይሉን ከፍታችሁ አስተካክሉት ታዲያ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ አስተካከልነው! መብራት እየሄደ እየመጣ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ከዚያ አዲስ እትም መጣ ተባለ፣ «አድስ» የምትለዋን ተጫንን፣ የሦስት ሌሊቱ ልፋት በአንድ ደቂቃ ታጠበ። የኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር እንደመምታት ነው፤ አከራይዋ ቀለም ያስቀባች ቀን ሥዕልህም ሚስማርህም ደጅ ነው።

ግማሹ ጥፋት የእኛ ነው፤ እንመን። ዎርድፕረስ ላይ መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 1.5 ቴምፕሌትን የራሱ ፎልደር ሰጠው። በ2008 የወጣው 2.7 ደግሞ ቴምፕሌት ልጅ እንዲኖረው አደረገ። ልጁ የፈለገውን ፋይል በራሱ ይተካል፣ ያልተካውን ከወላጁ ይወስዳል፣ ወላጁ ሲታደስ የልጁ ሥራ አይነካም። ግሩም! ግን እኛ የገዛነው ወላጅ ገጹን ሁሉ አንድ ግዙፍ ፋይል ውስጥ አጭቆታል። ቀኗን ብቻ ለመቀየር ፋይሉን እንዳለ ወደ ልጁ መገልበጥ ግድ ነው፤ ከገለበጥክ በኋላ ደግሞ ወላጁ ያንን ፋይል ቢያርመው፣ የደኅንነት ቀዳዳ እንኳ ቢደፍንበት፣ አንተ ዘንድ አይደርስም። ገጹን በቁራጭ ፋይሎች ከፋፍሎ ለመጥራት የተሠራው ትእዛዝ በ2010 ከ3.0 ጋር መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለም።

ወደ ፊደላችን እንምጣ፤ የሚያመን እዚህ ጋ ነው። የላቲኑ ዲዛይነር ትንንሽ ርዕሶችን በካፒታል ፊደል ይለያል፤ ግእዝ ካፒታል ስለሌለው ርዕሱ ከጽሑፉ ጋር ይቀላቀላል። ጥቅስን ያዘነብላል፤ አብዛኛው የአማርኛ ፎንት ዘንበል ያለ ቅርጽ ስለሌለው ብሮውዘሩ ፊደሉን ራሱ ገፍትሮ ያጣምመዋል። መነሻ ገጹ ላይ የሚወጣው ቅንጫቢ ደግሞ ካልነኩት በ55 ቃል ይቆረጣል፣ ቃል የሚለየውም በባዶ ቦታ ነው። አንዱ ባልደረባችን እንደ ጥንቱ ቃላቱን በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ እየለየ ጻፈ። አንቀጹ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ተቆጠረና ጽሑፉ መነሻ ገጹን ዋጠው። ሳቅን እንጂ ምን እናድርግ! ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፤ «ቃል» ማለት ምን እንደሆነ ግን የጠየቀን የለም።

ጥለነው እንሂድ ብንልስ? ጽሑፉን በሁለት ዓምድ ለመክፈልና ጥቅስ ለማስጌጥ ቴምፕሌቱ ጽሑፋችን መሀል በቅንፍ የታጠሩ ትእዛዞች እንድንጽፍ አድርጎናል። ቴምፕሌቱን ስናጠፋው ትርጉም አጥተው እዚያው ተገትረው ይቀራሉ፤ እነሱን እየለቀሙ ማጥፋት የየጽሑፉ ባለቤት ዕዳ ነው። ልብስ ብለን ገዛን፣ ቆዳችን ላይ ተሰፋ።

ሻጮች ሆይ፣ ናሙና ገጻችሁን የሞላችሁበትን ሎረም ኢፕሰም አውጡና አንድ ገጽ አማርኛ አስገቡበት። ቀኑን ጳጉሜን 5 አድርጉት። ከዚያ «እንደፈለጉ የሚቀየር» የምትለዋን እንደገና ጻፉልን።