ቅናሹ ምኑን ቀነሰ?

አንድ ወዳጄ አለ፤ የዋህ፣ አንባቢ፣ ለሰው የሚራራ፤ ነገር ግን «ቅናሽ» የምትል ቃል በሰማ ቁጥር ማስተዋሉን ከደጅ ጥሎ የሚገባ። ይህ ወዳጄ ለባለቤቱና ለራሱ ሐዋሳ ላይ ሦስት ሌሊት የሚያድሩበት፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚከፈት ክፍል ይዟል። ትዳራቸው ሃያ ዓመት ሊደፍን ነው። ባለፈው ሳምንት ከሆቴሉ ተደወለለት። «በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ቢወስዱ አርባ በመቶ ቅናሽ እናደርግልዎታለን» አሉት። እስከ ሐሙስ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ መጣ። ምክር ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። የቆረጠውን ነገር እንድመርቅለት ነው።

«ሆቴል ማለት እኮ ዓይንህን ጨፍነህ የምታድርበት ቤት ነው» አለኝ። «ዓይኑን ለሚጨፍን ሰው መስኮቱ ወደ ሐይቅ ቢያይ ወደ መንገድ ቢያይ ምን ለውጥ አለው? ሐይቁንስ ወጥተን እናየው የለም ወይ? አርባ በመቶ ተቀንሶለት ክፍል ያልቀየረ ሰው ገንዘቡን አስፋልት ላይ የበተነ ሰው ነው።»

አልመረቅሁለትም። ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን፤ ሳንስማማ ተለያየን። እነሆ የቀረኝን ክርክር እዚህ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ አንባቢ ይፍረደን።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምረው። «ቀነሰ» የሚለው ግስ ተሳቢ ይሻል። ምን ቀነሰ? ከምን ላይ ቀነሰ? «ቅናሽ» ብለን ስም ስናደርገው ግን ተሳቢው ድራሹ ይጠፋል፤ የተቀነሰው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ይመስላል። የገበያ ሴት «ምራቂ» ስትጨምርልን የተጨመረውን እናየዋለን፤ እፍኝ ቡና ነው፣ ሁለት ሽንኩርት ነው፣ በዘንቢላችን ውስጥ ይገባል። የሆቴሉ ቅናሽ ግን የት ገባ? ወዳጄ «ኪሴ ውስጥ» ይላል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ከየት እንደወጣ ይነገረኝ እላለሁ።

የሆቴል ክፍል ከሸቀጦች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው፤ ያድራል እንጂ አይከርምም። ዛሬ ሌሊት ባዶውን ያደረ ክፍል ነገ ሁለት ጊዜ አይከራይም፤ የዛሬው ሌሊት ከስሮ ቀርቷል። ስለዚህ እንግዳ በሚጠፋበት በክረምቱ ወራት ባለ ሆቴል ዋጋ ቢያወርድ ብልህነት ነው፤ እኛም ብንጠቀምበት የሚነቅፈን የለም። ነገር ግን እንግዳ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ሰሞን አንድ ሆቴል ስልክ አንሥቶ «ክፍልህን ብትለቅልኝ እቀንስልሃለሁ» ቢል፣ ይህ ቅናሽ ሊባል አይገባውም። ግዢ ነው። ሆቴሉ የሸጠልህን መስኮት መልሶ ሊገዛህ ፈልጓል፤ ከአንተ የበለጠ የሚከፍል ሰው አግኝቶለታል። እንዲህ መገበያየቱ ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ፣ ሻጭ መሆናችንን ሳናውቅ እንደ ተመጽዋች «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን መሄዳችን ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም።

በጥር 2012 ዓ.ም. እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ወረድሁ። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ በተመዘገበ በወሩ ነበርና፣ ወደ ጎንደር የሚያልፈው እንግዳ ሁሉ ባሕር ዳርን አጨናንቋት ነበር። እናቴ ያደገችው ዳንግላ አካባቢ ነው፤ ከጣና የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት። ሆኖም ሐይቁን አይታው አታውቅም። በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ በባሕር ዳር ያለፈችው በሌሊት ነው፤ «ሽታው ሸተተኝ እንጂ አላየሁትም» ትል ነበር። በኋላም የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያዛት። አንደኛው ዓይኗ ተገፎላት ማየት ከጀመረች ሦስት ወር ቢሆናት ነው ጉዞውን ያሰብሁት። ስለዚህ አስቀድሜ ደውዬ ወደ ሐይቁ የሚያይ ክፍል፣ ሌሊቱን በ1,800 ብር፣ ለሁለት ሌሊት አስያዝሁ። ጉልበቷ ስለሚያማት ማልዳ መራመድ አትችልም። ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ ውኃው ሲነጋበት ታይ ዘንድ ነበር ሐሳቤ።

ጥር 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስን። እንግዳ ተቀባዩ ጨዋ ወጣት ነበር፤ እናቴን «እማማ» ብሎ ወንበር ሳበላት። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ በአትክልቱ በኩል ያለው ክፍል 1,500 ነበር፤ ዛሬ አርባ በመቶ ቅናሽ አድርገንበት 900 ገብቷል። ቢፈልጉ ልቀይርልዎት» አለኝ።

እናቴን አልጠየቅኋትም። አራት እርምጃ ርቃ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ወዲያው «እሺ» አልሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሒሳቡን ልሥራ፤ ወዳጄ «በቁጥር ተናገር» ብሎኛልና። በሌሊት 900 ብር ልዩነት፣ በሁለት ሌሊት 1,800 ብር ይሆናል። በብዙ ሆቴሎቻችን እንደሚደረገው አሥር በመቶ የአገልግሎት ሲታከልበት 1,980፤ በዚያ ላይ አሥራ አምስት በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጫንበት 2,277 ብር። ይህ በ2012 ዓ.ም. የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። ወዳጄ ደስ ይበለው፤ እንዲያውም ያተረፍሁት አርባ በመቶ ሳይሆን ግማሹን ነበር፤ 900 የ1,800 እኩሌታ ነውና። ታዲያ እንግዳ ተቀባዩ ግማሹን አላለኝም፤ እኔም ግማሹን አላሰብሁም። ጆሮዬ ውስጥ የገባችው «አርባ በመቶ» የምትለው ብቻ ናት። ከሐይቁ ክፍል ጋር ዝምድና የሌላት፣ ስለ ጓሮው ክፍል የትናንትና ዋጋ የምታወራ ቁጥር!

አሁን ወዳጄ ይህን ይመልስልኝ። ያ ወጣት «በጓሮ በኩል 900 ብር የሚከራይ ክፍል አለን» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? እኔ ልንገራችሁ። «ለምን ረከሰ? ምን ጎድሎት ነው? እስኪ ልየው» እል ነበር። ርካሽ ዋጋ ጥርጣሬያችንን ይቀሰቅሳል። የተቀነሰ ዋጋ ግን ጥርጣሬያችንን ያስተኛል፤ ያው 900 ብር፣ ያው ክፍል፣ ያው መስኮት ሆኖ ሳለ! «1,500 ነበር» የምትለዋ ያለፈ ጊዜ ግስ ለክፍሉ ዋስ ቆመችለት።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንድ ጥያቄ ለሰዎች አቅርበው ነበር። አንድ ጃኬት በ125 ዶላር፣ አንድ የሒሳብ ማሽን በ15 ዶላር ልትገዛ ነው፤ ሻጩ ማሽኑ የሃያ ደቂቃ የመኪና መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ሱቃቸው በ10 ዶላር እንደሚገኝ ነገረህ። ትሄዳለህን? ከተጠየቁት 68 በመቶው «አዎን» አሉ። ለሌሎች ሰዎች ዋጋውን አገላብጠው ጠየቁ፤ ጃኬቱ 15 ዶላር፣ ማሽኑ 125 ሆኖ፣ በሌላው ሱቅ 120 ነው። የሚተርፈው ያው አምስት ዶላር፣ መንገዱ ያው ሃያ ደቂቃ። አሁን «እሄዳለሁ» ያለው 29 በመቶ ብቻ ሆነ። ሰዎቹ የመዘኑት ገንዘቡን ከድካማቸው ጋር ቢሆን ኖሮ መልሳቸው አይለያይም ነበር። የመዘኑት ቅናሹን ከቀድሞው ዋጋ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሪቻርድ ቴለር ደግሞ ከዚህ ነገር ተነሥቶ፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ልዩ ልዩ ደስታ እንዳለው ጽፏል፤ አንደኛው የዕቃው፣ ሁለተኛው የግብይቱ። ይህን ሳነብ ያ የባሕር ዳር ባንኮኒ ትዝ አለኝ። የግብይቱን ደስታ እዚያው ባንኮኒው ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ቁልፍ ይዤ ደረጃ ስወጣ አብሮኝ አልወጣም።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ አልዋሽም። አልጋው ደልደል ያለ፣ ውኃው የሚሞቅ። እናቴ ግን እንደገባች በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ልጇ ስለ መስኮት ሲያወራላት ነው የሰነበተው። መጋረጃውን ገለጠች። አንድ ጥቁር የውኃ ሮቶ፣ የማዕድ ቤት ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ፣ ሁለት ሙዝ፣ አንድ ጄኔሬተር። ጥቂት አየችና፣ «ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። ክፍል እንደቀየርሁ፣ ምን ያህል እንዳተረፍሁ ነገርኋት።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አለች። «ነገ ሄደን እናየዋለን።»

የወዳጄ ክርክር ሙሉው በእናቴ አፍ ተነገረ ማለት ነው፤ «ወጥተን እናየው የለም ወይ?» ወጥተን አየነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ፣ ሰው ለከተራ ሲተራመስ፣ ባጃጅ ተኮናትረን ወንበር ያለበት ዳርቻ ስንፈልግ ዋልን። እናቴ በአንድ እጇ ዓይኗን ከፀሐዩ ከልላ ውኃውን ተመለከተች። ዶክተሩ ብርሃን እንዳይበዛባት አስጠንቅቆ ነበርና ብዙ አልቆየችም። ማልደው ከደንገል በተሠራች ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልገው ገብተዋል። ያተረፍኋት 2,277 ብርስ? ጥቂቷ ለባጃጅ፣ ጥቂቷ ላልተራብነው ዓሣ ጥብስ፣ የቀረችው ደግሞ ኀፍረቴን ለመሸፈን ለገዛሁላት ነጠላ ሆነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት በልጅነቴ ያስተማረችኝ ይህችው እናቴ ናት፤ ያን ቀን ግን አልተረተችብኝም።

ወዳጄ እዚህ ላይ የሚያመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ይህ የጠገበ ሰው ክርክር ነው» ይለኛል። አይደለም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገብቶ በአሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ የሚሳፈር መንገደኛ መስኮት ምን ያደርግለታል? ለቅሶ ሊደርስ የሄደ ሰው ሐይቅ ቢያይ ባያይ ምን ገዶት? ልጁን የሚያስተምርበት ያጠረው ሰውም ጓሮ ቢያድር አስተዋይ ነው እንጂ ንፉግ አይባልም። እነዚህ ሁሉ ርካሹን ክፍል መያዝ ያለባቸው ርካሽ ስለሆነና ስለሚበቃቸው ነው፤ ቅናሽ ባይኖረውም ይይዙታል። እኔ የምሟገተው ከርካሽ ክፍል ጋር አይደለም። ሳይበቃው፣ ሳይፈልገው፣ አንድ በመቶኛ ስለተነገረው ብቻ ከፈለገው ነገር ከሚለቀቅ ሰው ጋር ነው። ደግሞም ድሃ ይህን ከሀብታም ይልቅ ያውቀዋል። እናቴ ቅቤ ስትገዛ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታሸታለች፤ ዋጋ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያልሸተተችውን ቅቤ «ትናንት ይህን ያህል ነበር» ብለው ቢምሉላት አትገዛም። የተማረው ልጇ ነው መስኮቱን ሳያይ የገዛው።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ወዳጄ ሆይ፣ ዓይን ጨፍኖ ስለማደር ነግረኸኛል፤ ሃያ ዓመት አብራህ የኖረች ሴት ሦስት ሌሊት ሙሉ ዓይኗን ጨፍና እንደማትቆይ ግን አልነገርኸኝም። ሆቴሉ ከአንተ የሚገዛው ሦስት ንጋት ነው፤ ያውም ከሦስቱ ንጋት እኩሌታው የአንተ አይደለም። ጠይቀሃታል ወይ? ብዬህ ነበር፤ «ሴት ልጅ ቁጠባ ትወዳለች» ብለህ አለፍኸው። እኔም ያን ቀን በወንበርና በባንኮኒ መካከል የነበረችውን አራት እርምጃ መሄድ ከብዶኝ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ጠንቶባት ከአዲስ አበባ አልወጣችም። ሁለተኛው ዓይኗም ተገፎላት አሁን ደኅና ታያለች፤ ከመስኮቷ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ስልኩን ከማንሣትህ በፊት «አርባ በመቶ» የሚለውን ተወውና የሚተርፍህን ብር በቁሙ በወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን ለባለቤትህ ስጣት፤ ሐይቁንም መንገዱንም ንገራት። እሷ «መንገዱ ይሁን» ካለች እኔ ተሸንፌአለሁ፤ የቡናውን ሒሳብ እከፍላለሁ።