ሽንኩርቱን ለመቂ፣ ቆስጣውን ለደጃፋችን

ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር አንድ ምክር ይረክሳል፦ «በየጓሯችሁ ትከላ!» ቲክቶክ ላይ አንዱ በአሮጌ ጎማ ውስጥ ያበቀለውን ሽንኩርት እየነቀለ ያሳየናል። ከሥሩ ደግሞ «ወጣቱ ስልክ ከመጎርጎር አፈር ቢጎረጉር ኖሮ» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ነገሩ የስንፍና ጉዳይ ተደርጎ ይዘጋል።

እኔ የጓሮ ተከላን አልቃወምም፤ እንዲያውም ይህን የምጽፈው እንድትተክሉ ነው። ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ መጥፎ አመል አለው፤ «ምን ያህል?» እና «በምን ፋንታ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን አዳማ ላይ ብንቆጥር መልሱ እንዲህ ይመጣል፦ ትንሽ ቦታ ያለው የከተማ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ባይተክል ይሻለዋል። መትከል ያለበት ቅጠል ነው።

መጀመሪያ ሽንኩርቱን እንቁጠር። በመስመሮች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ብትሰጡት አንድ ካሬ ሜትር መሬት 50 ራስ ይይዛል። ሁሉም ቢበቅልላችሁና እያንዳንዱ 80 ግራም ቢመዝን 4 ኪሎ ነው። ለዚያ 4 ኪሎ ከዘር እስከ መንቀል ከ4 ወር በላይ ትጠብቃላችሁ። ወጥ የሚሠራ ቤት 4 ኪሎ ሽንኩርት ስንት ቀን እንደሚያቆየው ደግሞ እናቶቻችሁን ጠይቁ። አራት ወር ውኃ አጠጥታችሁ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ሽንኩርት ማለት ነው፤ ያውም ምንም ነገር ሳይበላሽ።

በዚያ ላይ አዳማ የት እንዳለች አስቡ። ብዙም በማይርቅ ቦታ መቂ፣ ዓለም ጤና፣ ባቱ አሉ፤ አገሩ በሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭንባቸው። ከከተማዋ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ስትሉ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ «አዳማ ሬድ» የሚባለው የሽንኩርት ዝርያ የከተማችንን ስም ይዞ በየእርሻው የገባው ከዚህ ምርምር ነው። ታዲያ በወንዝና በሐይቅ መስኖ፣ በሄክታር የሚያመርት ገበሬ አጠገብ ተቀምጦ በጎማ ውስጥ ሽንኩርት ማሳደግ ከማን ጋር መወዳደር ነው?

በ1817 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሪካርዶ የሚባል እንግሊዛዊ በእንግሊዝ ጨርቅና በፖርቱጋል ወይን ምሳሌ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ፖርቱጋል ሁለቱንም በአነስተኛ ጉልበት ማምረት ብትችል እንኳ ይበልጥ በሚያዋጣት ላይ አተኩራ ሌላውን ብትገዛ ይጠቅማታል። በእኛ ቋንቋ ሲመነዘር፦ ሽንኩርቱን ለመቂ ተውለት።

ቅጠል ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሽንኩርት ከማሳ ወጥቶ፣ ተጭኖ፣ በደላላ እጅ አልፎ፣ ሱቅ ጥግ ሳምንታት ይቀመጣል። ቆስጣ ይህን አይችልም። ጠዋት የተቆረጠ ቆስጣ በአዳማ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጉሊት የተቀመጠችው እናት የምትጠይቃችሁ ዋጋ የያዛችሁትን እስር ብቻ አይደለም፤ ማታ የምትጥለውንም እስር ጨምሮ ነው። ሌላ አማራጭ የላትም፤ አለበለዚያ ትከስራለች። ቅጠሉ በራችሁ ላይ ከበቀለ ግን ማጓጓዣ የለም፤ የሚጣልም የለም። የሚበላውን ያህል ቀንጥባችሁ የቀረውን ሥሩ ላይ ትተዉታላችሁ። ከተክሉ የተሻለ ፍሪጅ የለም።

ሁለተኛው ልዩነት ምርቱ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። ሽንኩርት አንዴ ተነቅሎ ያልቃል። ቆስጣና ሐበሻ ጎመን ግን የውጭ ውጩን ቅጠል ስትወስዱላቸው ከመሀል እየተኩ ለወራት ይሰጣሉ። ቆስጣ ከተዘራ 2 ወር ገደማ ሲሆነው መቀንጠብ ይጀመራል። አሥር ተክል ቢኖራችሁና በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ቅጠል ብትወስዱ ከ20 እስከ 30 ቅጠል ነው። ይህ ቤት አይቀጥርም፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ከገበያ ያስቀራል። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያም እንደዚሁ ናቸው፤ የሚፈለገው ጥቂት፣ የሚገዛው ብዙ፣ ትርፉ ጠውልጎ የሚጣል።

ቲማቲምስ? ፍሬው ሲቀላ ፎቶ ላይ እንደሚያምር አውቃለሁ። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ቱታ አብሶሉታ የሚባል ተባይ አገራችን ገብቶ የስምጥ ሸለቆን ቲማቲም አምራቾች ሲያስለቅስ ኖሯል። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ ፍሬውንም ይበሳል። ገበሬው በተደጋጋሚ መድኃኒት እየረጨ የሚታገለውን ተባይ እኔና እናንተ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መርጨት የለብንም።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። መስከረም ሲጠባ የአደይ አበባ ፎቶ ሥር «ፀደይ ገባ» ብሎ መለጠፍ ተለምዷል። በአገራችን የወቅቶች አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ገበሬው በልግ የሚለው። አዳማና አካባቢዋ ላይ ይህ ወቅት አይታመንም። ዝናቡ አንድ ቀን ይመጣና ሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚህ ወቅት የተተከለ ሽንኩርት ራሱን የሚሞላው ልክ ክረምቱ ሲበረታ ስለሆነ ለመበስበስና ለቅጠል በሽታ ይጋለጣል። ቅጠል ግን ከሙቀቱ ካተረፋችሁት ክረምቱ ራሱ ያጠጣላችኋል።

ለቅጠል ጊዜው የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ፋሲካን አክብራችሁ በማግስቱ ቆስጣ ብትዘሩ መቀንጠብ የሚጀምረው ጾሙ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ ጎመንና ቆስጣ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ለጥቃ የምትመጣው የነሐሴ ፍልሰታም ከዚሁ ተክል ትበላለች። የማይጾም ቤትም ቢሆን የገበያው ግፊት ዋጋው ላይ ይደርሰዋልና ስሌቱ ለሁሉም ይሠራል።

የአዳማን ጠባይ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ዳር የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች፣ 51 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ ሁለት፣ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ተርባይን የሚያዞር ንፋስ የእናንተንም ጀሪካን አፈር ያደርቃል። አፈራችን ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር በመሆኑ ውኃ አይዝም። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ብስባሽ ወይም በደንብ የቆየ ፍግ መቀላቀል፣ አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን፣ ዕቃውን ከግድግዳ ጥግ ማስጠጋት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከቀትር ፀሐይ መከለል፣ ማጠጣትም ጠዋት ወይም ማታ ብቻ።

ውኃውንም እንቁጠረው፤ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ዋናው ጥያቄ እሱ ነውና። በሞቃት ወር አንድ ካሬ ሜትር ተክል በቀን 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በጎኑ የተቀደደ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2 ወይም 3 ቆስጣ ይይዛል። አራት ጀሪካን ማለት አሥር ተክል፣ በቀን 2 ወይም 3 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ይህ ሩዝ፣ ድንችና ሰላጣ ከታጠበበት ውኃ ሊሸፈን ይችላል። በረኪናና የልብስ ሳሙና የነካውን ግን ተዉት። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገር ታዩ ይሆናል፤ ጨው ነው፤ ጀሪካኑ ከሥሩ ቀዳዳ ካለው የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል። ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ደጃፍ እንዳላችሁ። ትልቁ ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መነሻው ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ሲሆን፣ በከተሞች ከጓሮ አትክልት ጋርም አብሮ ይነሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የምግብ ዋጋ ግሽበት በግንቦት 2014 ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን ያየ ሰው ቤቱ የሚበላ ነገር ቢያበቅል አይፈረድበትም። ነገር ግን «ጓሯችሁን አልሙ» የሚለው ጥሪ ጓሮ ላለው ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እኔን የመሰለ ወጣት የሚኖረው አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ሌሎች አራት አምስት ተከራዮች ባሉበት ግቢ፣ በቀይ አሸዋ ወይም በሲሚንቶ በተሸፈነ መሬት ላይ ነው።

ተከራይ ለምን እንደማይተክል ለማስረዳት ስንፍናን መጥራት አያስፈልግም። ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ስድስት ወር የሚፈልግ ነገር መሬት ላይ አያፈስም፤ ይህ የጤናማ ሰው ስሌት ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። በየከተማው በተግባር እንዴት ይፈጸማል የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ሁለት ዓመት እንደምቆይ ባውቅ እኔ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ መሬት ላይ እተክላለሁ። ባላውቅ በጀሪካን እተክላለሁ፤ ስወጣ በባጃጅ ጭኜው እሄዳለሁ። ጀሪካኑ የተመረጠው ለፋሽን አይደለም፤ ዋስትና የሌለው ሰው መሬት ስለሆነ ነው።

አከራዬ መጀመሪያ «ልጄ፣ የውኃ ቆጣሪው ማን ሊከፍለው ነው?» ነበር ያሉኝ። እውነታቸውን ነው። በየቀኑ ስንት ሊትር እንደሆነ አሳየኋቸው፤ ውኃው ከእኔ እጣቢ፣ በሶብላው ደግሞ ለጋራችን እንዲሆን ተስማማን። አሁን ሽሮ ሲሠሩ ከእኔ ጀሪካን ይቀነጥባሉ። ስለዚህ አከራይ ያላችሁ ከመትከላችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ድርሻም ስጡ። የሚበላበት ሰው አይነቅለውም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ሁላችንም ቆስጣ ከተከልን የጉሊቷ እናት ምን ትብላ?» የሚል። ቅጠል ብቻ የምትሸጥ ካለች ይጎዳታል፤ አልክድም። አብዛኞቹ ግን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አብረው ይሸጣሉ፤ በአንድ ጆንያ ልክ የተከለ ሰው ደግሞ እነዚያን መግዛቱን አይተውም። የተረፈንን በሶብላ ለእሷ መሸጥም እንችላለን፤ ሳይጠወልግ በእግር ደርሶ።

አበባስ? ኢኮኖሚስት አበባ አይወድም የሚል ሐሜት አለ። ባቱ ላይ በግሪን ሃውስ የሚመረተው ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ይበራል፤ በር ላይ የተተከለው ጽጌረዳ ግን አንድ ብር አያስገባም። ሆኖም ወጪውን የሚከፍለው አንድ ሰው፣ የሚደሰትበት በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገበያው ዋጋ ስለማይሰጠው ሁልጊዜ ከሚፈለገው ያንሳል። ከአራቱ ጀሪካኖች አንዱን ለአበባ ብትሰጡ አልከስርም ትላላችሁ፤ ንቦችም ይመጣሉ።

ከከተማ አስተዳደሩ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የጓሮ አትክልት ዘመቻ ሲታቀድ ተከራይን ቁጠሩት። በሄክታር ለሚዘራ ሰው የታሸገ ዘር ሳይሆን ለአራት ጀሪካን የሚበቃ ትንሽ እሽግ በየቀበሌው ይሸጥ። በቆርቆሮ ታጥረው ዓመታት የሚቆዩ ባዶ ቦታዎች ግንባታ እስኪጀመርባቸው ድረስ ለሰፈሩ ወጣቶች በውል ይሰጡ። ቅጠል በሁለት ወር ይደርሳልና ባለቤቱ ሲመጣ ማንም አይከስርም።

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና ለሁለት ሳምንት ቅጠላ ቅጠል የገዛችሁበትን እያንዳንዱን ብር ጻፉ፤ የጣላችሁትንም ለይታችሁ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ የገዛችሁትና ብዙ ጊዜ የጣላችሁት አንድ ዓይነት ቅጠል ሆኖ ካገኛችሁት መትከል ያለባችሁ እሱን ነው።