«ከክሩ አይለቅም» ካሉ ለምን ደጋግመው ይረጩታል?

ናይለን ምንጣፍ የሚሸጡና የሚያጥቡ ድርጅቶች የሚደጋግሙት አንድ ማረጋገጫ አለ። እድፍ መከላከያው ከክሩ ጋር ስለተጣበቀ የትም አይሄድም፣ ሕፃን ቢድህበትም አያሰጋም ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ምንጣፉ ታጥቦ ሲያልቅ መከላከያው እንደ አዲስ እንዲረጭለት ይመክራሉ፤ ለዚያም ለብቻው ያስከፍላሉ። ሁለቱ ነገሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ያልለቀቀ ነገር መተካት አያስፈልገውም። መተካት ካስፈለገው ለቋል ማለት ነው፤ ከለቀቀ ደግሞ የሆነ ቦታ ገብቷል። የምንጣፍ ኢንዱስትሪው ለአሥርተ ዓመታት ሲሸሸው የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፦ የለቀቀው የት ገባ?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት፣ «እድፍ መከላከያ» በሚል አንድ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ይበጃል። የመጀመሪያው ቀለምን የሚመክት ነው። ናይለን ጫፎቹ ላይ አሚን የሚባሉ፣ አሲድ ሲነካቸው ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚይዙ ቦታዎች አሉት፤ ፋብሪካውም ክሩን የሚያቀልመው በእነሱ በኩል ነው። የልጆች ቀይ መጠጥ ውስጥ ያለው ቀለም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውና የፋብሪካው ማቅለሚያ ዘመድ ስለሆነ፣ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰው ጠብታ ክሩን ልክ እንደ ፋብሪካው ያቀልመዋል። ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1986 ስቴይንማስተር የተባለውን ምንጣፍ ገበያ ላይ ሲያወጣ ዋናው ብልሃት፣ ሰልፎኔት የተደረገ ሙጫ መሰል ኬሚካል በክሩ ገጽ ላይ አስፍሮ እነዚያን ቦታዎች ቀድሞ መያዝ ነበር። ብልሃቱ ይሠራል። ነገር ግን አልካላይ የበዛበት ሳሙና ደጋግሞ ሲነካው ይነሣል፤ እርድና ሰናፍጭንም አያቆምም፣ የእርድ ቢጫ ቀለም በዚያ መንገድ አይገባምና። ወጥ በሚቀርብበት ቤት «እድፍ አይነካውም» የሚለው ተስፋ ከመጀመሪያውም ጎዶሎ ነበር።

ሁለተኛው ሽፋን ግን የሚያስቆጣው ነው። ውኃና ዘይት ክሩ ላይ ሳይሰርጉ እንዲንከባለሉ የሚያደርገው ፒፋስ የሚባለው የፍሎሪን ኬሚካል ቤተሰብ ነው። በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር በኬሚስትሪ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካሮች አንዱ በመሆኑ ፀሐይም፣ ባክቴሪያም፣ የሰው ጉበትም አይፈታውም። ሻጩ «ጽኑ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ግን የጸናው ኬሚካሉ ራሱ እንጂ ከክሩ ጋር ያለው ቁርኝት አይደለም። ክሩ በእግር ሲረገጥ ይፋቃል፣ ብናኙ ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል፤ አቧራውን ከሁሉ አብዝቶ ወደ አፉ የሚወስደው ደግሞ የሚድኸው ሕፃን ነው። ስኮችጋርድ የተባለውን እድፍ መከላከያ የሚያመርተው ስሪኤም ኩባንያ፣ ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ፒኤፍኦኤስ የተባለው ኬሚካል በመላው ዓለም ሰዎች ደም ውስጥ ሲገኝ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከምንጣፍ፣ ከልብስና ከምግብ መጠቅለያ «የማይለቅ» የተባለው ነገር ደም ውስጥ ከተገኘ፣ ያ ማረጋገጫ ያን ቀን መቀበር ነበረበት።

የት ገባ ለሚለው ጥያቄ በጣም ግልጽ መልስ የሚገኘው የአሜሪካ የምንጣፍ መዲና በምትባለው በዳልተን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ በስተሰሜን፣ እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ናት። ፋብሪካዎቹ ምንጣፉን ሲነክሩ ክሩ ላይ ያልያዘው ኬሚካል ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። የከተማዋ ፍሳሽ ከታከመ በኋላ በኮናሳውጋ ወንዝ ዳር ባለ ሰፊ ደን ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ ማጣሪያው ግን ፒፋስን አይሰብርም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በወንዙ ውስጥ እጅግ ከፍተኛ መጠን መገኘቱን አሳዩ። ኮናሳውጋ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተገናኝቶ ኩሳ ይሆንና ወደ አላባማ ይዘልቃል። እዚያ ያለችው የጋድስደን ከተማ ውኃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 የምንጣፍና የኬሚካል ኩባንያዎችን ፍርድ ቤት ያቆመው የነዋሪው መጠጥ ውኃ ስለተነካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2023 ከዚሁ የፒፋስ ቤተሰብ የሆነውን ፒኤፍኦኤን ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 በመጠጥ ውኃ ውስጥ ላለ ፒኤፍኦኤ ያወጣው ጣሪያ በአንድ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ጋድስደን ያለች እናት ያን ምንጣፍ አልገዛችም፤ ዋጋውን ግን በብርጭቆዋ ከፍላለች።

ያ የድሮው ረጅም ሰንሰለት ያለው ኬሚካል ነው፣ አሁን በአጭሩ ተተክቷል የሚሉ አሉ። አጭሩም የተሠራው ከዚያው ትስስር ነው። ከደም ቶሎ ቢወጣም በውኃ ውስጥ ይበልጥ ይጓዛል፤ ውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ከሰልም እንደ ረጅሙ አይዘውም። ሌሎች ደግሞ ሁሉም በሕግ የተፈቀደ ነበር ይላሉ። ሕጉ ዝም ያለው ኬሚካሉን የሚያውቁት ሰዎች የሚያውቁትን ለሕዝብ ባለመንገራቸው ጭምር ነው፤ በዝምታ የተገኘ ፈቃድ መከላከያ ሊሆን አይገባም። ያለ መከላከያ ምንጣፉ ቶሎ ይጣላል የሚለው መከራከሪያም ከ2019 ወዲህ አይቆምም። በዚያ ዓመት ሆም ዲፖ ፒፋስ ያለበትን ምንጣፍ በዓመቱ መጨረሻ መግዛት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ምንጣፍ ግን ዛሬም ይሸጣል፣ ሰውም ይገዛል። በአንድ ነጋዴ ውሳኔ ሊቀር የቻለ ነገር የግድ አስፈላጊ አልነበረም።

እድፍን መቋቋም ከክሩ አፈጣጠር ሊመጣ ይችላል። ናይለን ገና ሲቀልጥ ቀለሙ ከውስጡ ከተዋሐደ፣ ወይም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ክፍል ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ከተሠራ፣ የፈሰሰው መጠጥ የሚይዝበት ቦታ ይጠበዋል፤ ታጥቦ የሚሄድ የፍሎሪን ሽፋንም አያስፈልግም። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ስለዚህ ገዢው ምንጣፉ ላይ የተቀባው ምን እንደሆነ በስሙ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ስሙን መናገር ያልፈለገ ሻጭ ገንዘቡን አይቀበል። አጣቢው ከታጠበ በኋላ ልርጭ ሲል እምቢ ይበል። ኢትዮጵያ ፒኤፍኦኤስንና ፒኤፍኦኤን በዝርዝሩ የያዘው የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት፤ እነዚህ ኬሚካሎች ያሉበት ምንጣፍ ወደ እኛ እንዳይመጣ የመቆጣጠር ግዴታ አለባት። ጥሩ ጨርቅና ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቶሎ ከደረሱ፣ አብዛኛውን እድፍ ያነሣሉ። ከሰው ደምና ከወንዝ ግን ፒፋስን አጥቦ የሚያወጣ ሳሙና የለም።